ያልለቀምሁት የሰፌዱ ግማሽ

ሕመሜ መጀመሪያ የታወቀው በእኔ ገላ ላይ አይደለም፤ በመምሬ ዓለሙ ጥርስ ላይ ነው።

ሰኔ ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነበር። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ምስር ወጥ ነው የተሠራው። ጸሎቱ ደርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሰው ሁሉ መብላት ሲጀምር መምሬ ዓለሙ አገጫቸውን ያዙ። ቀጭ ሲል ቤቱ በሙሉ ሰምቷል። መዳፋቸው ላይ ተፍተው አዩት፤ የጥርሳቸው ስባሪና የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር አብረው ወጡ።

"አይ ጥሩዬ፣ የቀረችኝ አራት ጥርስ ነበረች፤ አንዷን ለማኅበሩ ገበርሁ" አሉ እየሳቁ።

ሰውም ሳቀ። እኔ ግን ፊቴ ነደደ። ምስሩን የለቀምሁት እኔ ነኝ። የማኅበር እህል ለሰው እጅ አልሰጥም ብዬ፣ ሁለት ቀን ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ በአንድ ነው የለቀምሁት። እኔ የለቀምሁት ምስር ጠጠር የለበትም፤ ካለበት ሰው ጨምሮበታል። ወጡን የሠራችው ደግሞ የልጄ ሚስት ትርንጎ ናት። ጭልፋውን ይዛ በጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

"ይኸ የማን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ" አልሁ ካህናቱም ጎረቤቱም እየሰማ። "በሰው ፊት ልታሳፍረኝ ነው። እኔን ጥግ አስይዛ ቤቱን ልትወስድ ነው።"

ትርንጎ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጭልፋውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ባል የሞተብኝ፣ የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ። የምኖረው ስማዳ ነው፤ ከወገዳ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የተማርሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ታመው መታመማቸውን የማያውቁ ሰዎች ካሉ፣ ወይ እንዲህ ያለ ሰው በቤታቸው ካለ፣ እንዲነቁ ነው። ደግሞም ደብቄው የቆየሁት ነገር አለ።

ነገሩ የጀመረው ከማኅበሩ በፊት ግንቦት ላይ ነው። ከጓሮ ጎመን እየቆረጥሁ ሳለሁ ራሴን በድንጋይ የመቱኝ ያህል አመመኝ። ግራ እጄ የያዘውን ጎመን ለቀቀ። ልቀመው ብል አልታዘዝ አለ። ልነሣ ስል ግራ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ጎረቤቴ የሺ ሮጣ መጣች።

"ምች ነው፣ ምች መትቶሽ ነው" አለችና ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ገላዬንም አሸችው። ሦስት ቀን ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ተነሣሁ። እጄ ይከብደኛል እንጂ ይሠራል፤ እግሬም ይጎተታል እንጂ ያስኬደኛል። ዳንሁ ብዬ እግዜርን አመሰገንሁ። መዳን የሚመስል በሽታ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ጎደለችብኝ። እኔ ግን መጉደሏን አላወቅሁም፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓይኑ የጠፋ ሰው ጨለማውን ያውቀዋል። እኔ ጨለማ አላየሁም። ግራ የሚባል ነገር እንዳልተፈጠረ ሆኖ ነው የቀረብኝ። ትርንጎ ምሳ ስታቀርብልኝ ግማሽ እንጀራ ነው የሚታየኝ። እሱን እበላና አለቀ ብዬ እጄን እታጠባለሁ። ሲርበኝ ጊዜ ልጄን መልካሙን ጠራሁት።

"ሚስትህ እያስራበችኝ ነው።"

ትሪውን አየ፤ እኔን አየ። "እማ፣ ግማሹ አለ እኮ። አልበላሽውም።"

"የት አለ?"

"ይኸው፣ በዚህ በኩል" ብሎ ትሪውን አዞረው። እንጀራው መጣ።

"አሁን ጨምራችሁ ነው" አልሁት።

ሰውም ይቀየመኝ ጀመር። በግራዬ የመጣ ሰው ሰላም ሲለኝ ዝም እላለሁ፤ ድምፁን ብሰማም በቀኝ ነው የምፈልገው። የሺ ቀልደኛ ናት። "ጥሩዬ ዘንድሮ በቀኝ ለቆሙት ብቻ ነው ሰላምታሽ? እኛ በግራ ያለነው ኩነኔ ወረድን?" ትለኝ ነበር። እኔ ስድብ አድርጌ ያዝሁባት።

አሁን የደበቅሁትን ልናገር።

በማኅበሩ ማግስት፣ የተረፈውን ያልተከካ ምስር ላስቀምጥ ብዬ ሰፌዱን ሳነሣው እጄ ላይ ዞረ። በግራ የነበረው ወደ ቀኜ መጣ። ያ ሁለት ቀን የደከምሁበት ሰፌድ ግማሹ ጥርት ያለ ነው፤ ግማሹ ጠጠር፣ ገለባ፣ እንክርዳድ፣ ማንም እጁን ያላሳረፈበት። መካከሉ ላይ በገመድ የለካ ሰው እንዳሰመረው ነው። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ማን እንዳደረገው ግን ገባኝ።

ትርንጎ ያን ሰዓት ደጅ ሆና እንስራ ታጥባለች። የእንስራው ድምፅ ይሰማኛል። "ትርንጎ፣ ነይ እስኪ ይኸን እይ" ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

አልጠራኋትም። ፈራሁ። አእምሮዋ ተነካ ይሉኛል፣ እህል መልቀም ያቃታት ሴት ምን ትሠራለች ይሉኛል፣ የጎተራው መክፈቻ ከእጄ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን በካህናት ፊት የተናገርሁትን አፌን መመለስ ከበደኝ። ሰፌዱን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና ለዶሮዎቹ ደፋሁት።

ከዚያ በኋላ ዝም ብል እንኳ ደግ ነበር። አላልሁም። ውሸቴ እንዳይታወቅ ሌላ ውሸት ደጋገፍሁበት። ወጥ ውስጥ ነገር ታደርጋለች አልሁ፤ ዕቃ ትደብቅብኛለች አልሁ። በእውነትም ዕቃ ይጠፋብኝ ነበር፤ ሁሉም በግራ በኩል የተቀመጠ ነው። መንደሩ ትርንጎን እጇን እየተመለከተ መብላት ጀመረ። ሐምሌ ሲገባ አንድ ማለዳ ዕቃዋን ጠቅልላ አባቷ ቤት ሄደች፤ እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ነው። መልካሙ የዘር ወቅት ስለሆነ ሞፈሩን ጥሎ ሊከተላት አልቻለም፤ እኔንም ጥሎ ሊሄድ አልቻለም። አምሽቶ ሲገባ ያቀረብሁለትን በልቶ ይተኛል። ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ ከብት ብቻ ሆነ።

ሕመሙ ግን ትርንጎ ስትሄድ አብሯት አልሄደም። በግራ ትከሻዬ ከበሩ መቃን ጋር እላተማለሁ። ነጠላዬ በአንድ ወገን መሬት ይጠርጋል። ክሊኒክ ሄድሁ፤ ደሜን አይተው ታይፎይድ ነው አሉኝና ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑን ጨረስሁ፤ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ዓይንሽ ደክሟል ተብዬ መነጽር ገዛሁ። መነጽሩ የማየውን ግማሽ አጠራልኝ፤ ሌላውን አላመጣውም። ጸበልም ገባሁ። በሰባተኛው ቀን የሚያጠምቁት አባት ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ "ልጄ፣ ጸበሉን አትተይ፤ ግን በግራ እጅሽ ላይ ውኃ ስናፈስ አንቺ ሌላ ቦታ ነሽ። ሐኪም ይይሽ" አሉኝ። እሳቸውን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ በፊት ሐኪም ቤትም ሆነ ሰፈር ውስጥ እጄን ያየልኝ አልነበረም።

እንዲያም ሆኖ ቶሎ አልሄድሁም። መስከረም ላይ ግራ ክንዴ ምድጃው ላይ አርፎ ሲቃጠል ያወቅሁት ከሽታው ነው። ምን ሥጋ ነው የሚጠበሰው ብዬ ዞር ዞር ስል መልካሙ ሮጦ ክንዴን አነሣው። ሳየው እንደ ሌላ ሰው ክንድ ነበር ያየሁት።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ በተከፈተ ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍረን ደብረ ታቦር ወጣን። እዚያ የደም ግፊቴን ለክተው ደነገጡ። የራስ ምርመራ ያስፈልጋታል ብለው ወደ ባሕር ዳር ላኩን።

የሆስፒታሉን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም። ሁለት ቀን ተቀምጠንበታል። አንዲት ሴት ከጎኔ ሆና ስታወራኝ ቆይታለች፤ እኔ አላየኋትም፤ በግራ ነበረች። ኋላ ተነሥታ ዞራ በቀኜ ተቀመጠችና ቆሎ ዘረጋችልኝ። "እኔ ደግሞ ኩሩ መስለሽኝ ነበር፤ ለካ ወገን ለይተሽ ነው የታመምሽው" አለች። እናቷን አስታማ ታውቀው ኖሯል። ትርንጎ ትዝ አለችኝ። የማታውቀኝ ሴት ዞራ በቀኜ ለመቀመጥ ያሰበችውን እኔ ለልጄ ሚስት ፊቴን ለማዞር አላሰብሁም።

ሐኪሙ ወረቀት ሰጠኝና ሰው ሣዪ አለኝ። ሣልሁ።

"ለምን አንድ ዓይን ብቻ አደረግሽለት?"

"ሁለት ነው" አልሁ።

መልካሙ አንገቱን ደፋ። የሣልሁት ሰው አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ እጅ ነበረው። የራስ ፎቶው ሲወጣ ሐኪሙ አስረዳን። ግንቦት ላይ የመታኝ ምች አልነበረም። ስትሮክ ይሉታል፤ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ይዘጋና ያ ቦታ ደም አጥቶ ይጎዳል። የእኔ የተጎዳው በቀኝ በኩል ነው። የቀኙ አንጎል ደግሞ የግራው ዓለም ጠባቂ ነው አለኝ። "ዓይንሽ ጤነኛ ነው። አእምሮሽ ነው ግራን ቸል ያለው። ሆን ብለሽ አይደለም" አለኝ። የግፊት መድኃኒት ዕድሜ ልኬን እንድወስድ አዘዘ። የእጅ እንቅስቃሴ ለምታሠራኝ ባለሙያም አሳለፈኝ።

እዚያ ክፍል ነው ቤዛን ያገኘኋት። ቤዛ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የምታጠና ልጅ ናት።

"እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም" አለችኝ ቁጭ ብላ። "ሰው ሥዕል ሲያይ ዓይኑ በየት በየት እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚቆይ የሚከተል መሣሪያ አለን። እንደርስዎ የታመሙ ሰዎች እንዴት እንደሚያዩ ማጥናት እንፈልጋለን። ይኸ ሕክምና አይደለም፤ አያድንዎትም። አልፈልግም ካሉ ይቀራል፤ ሕክምናዎ አይጓደልም።"

"ዓይኔን ትወስጅዋለሽ?"

"አልወስድም። በማይታይ ብርሃን ብቻ ነው የምከተለው። አያምም።"

"ልቤንስ ያያል? ያሰብሁትን ያወጣዋል?"

መልካሙ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ያን ሰፌድ የሚያይ መስሎኝ ፈርቻለሁ። ቤዛ አልሳቀችም። "አያይም እማማ። መሣሪያው ዓይን የት እንዳለ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለምን እዚያ እንደሄደ እኛም ገና እየጠየቅን ነው" አለች።

እሺ አልሁ። ይፈርሙ ስትለኝ ስሜን በወረቀቱ ቀኝ ጥግ አጨናንቄ ጻፍሁት። ጠባብ ክፍል አስገብታ ከቴሌቪዥን መሰል ነገር ፊት አስቀመጠችኝ። አገጬን ማስደገፊያ ላይ አደረግሁ። ከሥሩ እንደ ጥቁር ዱላ ያለች ነገር ተጋድማለች፤ ተከታይዋ እሷ ናት። መጀመሪያ አንዲት ነጥብ እየዘለለች ስትሄድ በዓይኔ እንድከተላት አዘዘችኝ። በቀኝ ስትሆን አገኛታለሁ። ከዚያ ትጠፋለች። "ወደ ግራ እማማ፣ አሁንም ወደ ግራ፣ ይበርቱ" ስትለኝ ብዙ ቆይቼ አገኛታለሁ። ላብ አጠመቀኝ። አንዲትን ነጥብ መፈለግ አጨዳ ከመዋል ይብሳል ብዬ አላስብም ነበር።

ቀጥሎ ሥዕሎች አሳየችኝ። አንዱ የገበያ ሥዕል ነው። "ምን ያያሉ?"

"አህያ፣ እህል ሻጭ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ትንሽ ገበያ ነው።"

ሲያልቅ፣ ዓይኔ ያረፈበትን ሥዕሉ ላይ በቀይ ነጠብጣብ አወጣችው። ብዙ የቆየሁበት ላይ ነጠብጣቡ ትልቅ ነው። "ይኸ የእርስዎ ዓይን የሄደበት ነው። ምን ይላሉ?"

"ሞልቶታል" አልሁ። "ያላየሁት የለም።"

ከኋላዬ የመልካሙን ትንፋሽ ሰማሁ። ቤዛ ሥዕሉን በወረቀት አወጣችና ወደ ቀኜ ወሰደችው፤ ገፋ አድርጋ፣ በጣም ወደ ቀኝ። ያን ጊዜ ታየኝ። ቀይ ነጠብጣቡ ሁሉ በአንድ ወገን እንደ ንብ ሰፍሯል፤ በሌላው ወገን አንዲት እንኳ የለችም። እዚያ ወገን ደግሞ ሰው ነበር። ሽንኩርት የዘረጉ ሴቶች፣ በግ የሚጎትት ሽማግሌ፣ ፊቷን ወደ እኔ ያዞረች ልጅ። ግማሽ ገበያ ሙሉ ሰው ቁሞ እኔ የለም ብያለሁ።

"እማ" አለ መልካሙ። ድምፁ ተሰበረ። "ትርንጎ አልነበረችም ማለት ነው። ጠጠሩም፣ እንጀራውም። ሕመሙ ነው እንጂ አንቺም አይደለሽም።"

ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ልጄ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነበር። ያን እጅ ላጣው አልፈለግሁም። "አዎ ልጄ፣ ሕመሙ ነው" አልሁት። ጸበል ያላራሰው አፌ ያን ቃል በደስታ ጠጣው።

ወደ ቤት ተመለስን፤ ኅዳር ላይ ትርንጎ ሴት ልጅ እንደተገላገለች ሰማን። ባለሙያዋ ያዘዘችኝን ጀመርሁ። በግራ እጄ አንጓ ቀይ ክር ታስሮልኛል፤ ማንኛውንም ሥራ ስጀምር አስቀድሜ ክሩን መፈለግ፣ ከክሩ ተነሥቼ ወደ ቀኝ መሄድ ነው። ስበላ ትሪውን አዞራለሁ። ሳነብ ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ጣቴን አስቀምጣለሁ፤ ያለዚያ ግማሽ ቃል ነው የማነበው። ቀስ በቀስ ግራዬ ይመጣ ጀመር። በመጣ ቁጥር ግን ደስታው ከፍርሃት ጋር ነው። የትርንጎ ባዶ ቦታም አብሮ መታየት ጀመረ፤ መደቧ በቤቱ ግራ በኩል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ መምሬ ዓለሙንና ሁለት ሽማግሌ ይዘን እስቴ ወረድን። የትርንጎ አባት በክብር ተቀበሉን፤ ክብር ያለው ቅዝቃዜ ነበር። መልካሙ ቤዛ ያወጣችውን ወረቀት ከደረቱ አውጥቶ ዘረጋው።

"ይኸ ምንድን ነው? ኩፍኝ የወጣበት ገበያ?" አሉ አባቷ።

"ነጠብጣቡ የዓይኗ ማረፊያ ነው" አሉ መምሬ ዓለሙ፤ ከመልካሙ በመንገድ ሲማሩት ነበር። ባዶውን ወገን በጣታቸው ነኩት። "የእኔን ጥርስ የበላችው ጠጠር የነበረችው እዚህ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ተቀባበሉት። አንደኛው፣ "እንግዲህ ሕመም ነው። ሕመምን ማን ይከሰዋል? ተሳሳሙና ይለቅ" አሉ። ሌላውም አዎ አሉ። አባቷም ፊታቸው ላላ። ሁሉም ነገር ለእኔ ተዘጋጅቶልኛል፤ መነሣትና መሳም ብቻ ነው የቀረኝ።

ትርንጎ ሕፃኗን ታቅፋ ከምሰሶው ሥር በግራዬ ነበረች። ክሬን አይቼ፣ ራሴን አዙሬ ፈለግኋት። ከስታለች። ወደ ወረቀቱ አላየችም፤ የምታየው እኔን ነው።

"ቆዩ" አልሁ። "ይኸ ወረቀት እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ ያለውን ይመሰክርልኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አይመሰክርልኝም። በማግስቱ ሰፌዱ ዞሮልኝ ጠጠሩን አይቸዋለሁ። ራሴ እንደሆንሁ አውቄያለሁ። ለዶሮ ደፋሁት።"

መልካሙ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

"በማግስቱ?" አለች ትርንጎ።

"በማግስቱ።"

"እኔ እንስራ ሳጥብ?"

"አንቺ እንስራ ስታጥቢ።"

"ለምን አልጠሩኝም?"

"ፈርቼ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር፣ እማማ" አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። "ሰው ሁሉ እጄን ሲያይ እኔም ፈርቼ ነበር። የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። እርስዎን ሲታመሙ መሣሪያ ድረስ ተፈለገልዎ።"

አባቷ፣ "ልጄ፣ ቀስ፣ እናት ናቸው እኮ" አሉ።

"አውቃለሁ አባዬ። አሁን እኔም እናት ነኝ።" ከዚያ ወደ እኔ፣ "የከሰሱኝ በማኅበር ነው። በማኅበር ይንገሩልኝ። ከዚያ በኋላ ስላለው እናያለን" አለች። ሕፃኗን አላሳቀፈችኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

በመንገድ ስንመለስ መልካሙ ከፊት ከፊት ነው የሄደው።

ጥር ሚካኤል ማኅበሩ የሺ ቤት ነበር። ጸሎቱ እንዳለቀ ተነሥቼ ቆምሁ። ሁሉንም ተናገርሁ፤ ሰፌዱን፣ ዶሮዎቹን፣ ከዚያ ወዲያ የቀጠልሁትን ሁሉ። ስጨርስ መምሬ ዓለሙ፣ "ትርንጎስ ነጻች፤ ጥርሴን ግን ማን ይመልስልኛል?" አሉ። ሰው ሳቀ። የሺ ግን አልሳቀችም። ጠላ ልትቀዳልኝ ጎንበስ ስትል፣ "እኔም አብሬሽ አውርቻለሁ። እንደሰማሁ ነው ያመንሁሽ" አለችኝ በጆሮዬ። ለካ በደሉን ብቻዬን አልሠራሁትም። ይህ ግን አላቀለለልኝም፤ ሰውን ሁሉ ያስገባሁበት እኔ ነኝ።

ትርንጎ ከፋሲካ በኋላ መጣች። የመጣችው ግን ወደ እኔ ቤት አይደለም። መልካሙ ከአጥሩ ወዲያ ሌላ ቤት ሠራላት። ከደጄ ሆኜ ጭሱን አየዋለሁ። ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፤ ካልጠሩኝ አልሄድም። ለክትትል ባሕር ዳር ስሄድ ቤዛ እንደገና መሣሪያው ፊት አስቀምጣኝ ነበር። ነጠብጣቡ ወደ ግራ መሻገር ጀምሯል፤ ሳሳ ያለ ነው፤ ሲደክመኝ ይቀራል። ግን ያቺን ፊቷን ወደ እኔ ያዞረችውን ልጅ አግኝቻታለሁ።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ራሳችሁን ድንገት ሲመታችሁ፣ እጅ ሲከዳችሁ፣ አፍ ሲጣመም፣ እንደ እኔ ሦስት ቀን አትተኙ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ። ግፊታችሁን ተለኩ። በቤታችሁ ግማሽ ትሪ በልቶ የሚነሣ፣ በአንድ ወገን ሰላም የማይል ሰው ካለ፣ ኮራ አትበሉ፣ ጃጀ አትበሉ፤ ትሪውን አዙራችሁ እዩት። ለጥናት ዓይናችሁን እንከተል የሚሏችሁ ሲመጡ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ሲገባችሁ አትፍሩ። መሣሪያው ከእኔ የወሰደው ነገር የለም። ታማችሁ የሠራችሁትን ሕመሙ ይሸከምላችሁ። ዐውቃችሁ የሠራችሁትን ግን በሕመሙ ላይ አትጫኑ፤ ሌላ ሰው ነው የሚሸከመው።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ደብተሩን ለትርንጎ ሰጠኋት፤ ስለ እሷ የጻፍሁትን እንድታይ ብዬ። ሁለት ቀን አስቀመጠችው። ትናንት ሕፃኗን ይዛ መጥታ መለሰችልኝ።

"ጥሩ ነው" አለች። "አንድ ነገር ግን ቀርቷል።"

"ምን ቀረ?"

"ሐምሌ ላይ የሄድሁ ቀን። የሠርጌን ጋቢ ለብሼ ስወጣ እርስዎ ደጅ ቆመው ነበር። የልጄ ነው ብለው ከትከሻዬ ላይ ወሰዱት። ዝናብ ነበር።"

አላስታውስም ልላት አፌን ከፈትሁ። ሕመሜ ያን ጊዜ ብሶ ነበር ልላት ነው።

አስታውሳለሁ። ጋቢው እርጥብ ነበር፤ በሁለት እጄ ነው የሳብሁት።